ከሦስት ጀምሮ ዲስቻርጅ

በቀለም ፋብሪካው ግቢ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ከጥበቃው እስከ ገንዘብ ያዡ ድረስ ሁሉም «አባ ፍቺ» ነው የሚሉት። ቅጽል ስሙ ሁለት ስለት ነበረው። አንዱ ለሥራው ነው። የፋብሪካው ባለቤቶች ባሕር ማዶ የሚኖሩ፣ ከእንግሊዝኛ በቀር የማያነቡ ሰዎች በመሆናቸው በግቢው የሚጻፍም ሆነ ወደ ግቢው የሚገባ ወረቀት ሁሉ በሁለት ልሳን መናገር አለበት፤ ሁለተኛውን ልሳን የሚሰጠው እሱ ነው። ሌላው ስለት ወደ ቤቱ የዞረ ነው። ሚስቱ ፈትታው ሄዳለች።

እንደሚወራው ከሆነ አንድ እሑድ ሚስቱ ተንገሽግሻ «እፈታሃለሁ!» ትለዋለች። እሱ ከወንበሩ ቀና ይልና «መፍታት ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ይላታል። «ቋጠሮ ይፈታል። እስረኛ ይፈታል። በሬ ከቀንበር ይፈታል። ሕልም ይፈታል…» ጣቱን እያጠፈ አምስተኛው ላይ ሊደርስ ሲል በሩ ተዘጋ። «አምስተኛውን ፍርድ ቤት ነው ያስተማረው» እያሉ ጫኝና አውራጆቹ ይንከተከታሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል። እውነት ነው አላለም፤ ውሸት ነውም ብሎ አያውቅም።

ቢሮው ደረጃ ሥር ነበር። ፎቁን የሠሩ ሰዎች መጥረጊያና ባልዲ ሊያስቀምጡበት ያሰቡት ጓዳ ነው። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ስላዘቀዘቀ አባ ፍቺ የሚቆመው በር አጠገብ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ጎንበስ ማለት አለበት። ወደ ላይ የሚወጣና ወደ ታች የሚወርድ ሁሉ በራሱ ላይ ይረግጣል። በአረማመዳቸው ያውቃቸዋል፤ «ሒሳብ ክፍል ወረደ» ይላል ከወረቀቱ ቀና ሳይል፤ ደግሞ «ኃላፊዋ ናት፤ ዛሬ ተናዳለች።»

ጠረጴዛው ላይ ማኅተሙና መዝገበ ቃላቱ አሉ። መዝገበ ቃላቱን ያገኘው በወጣትነቱ የአንድ ትምህርት ቤት ዘበኛ ሳለ ነው። ሊቃጠል ከተቆለለ የአሮጌ መጽሐፍ ክምር ውስጥ ጎትቶ አወጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በር እየጠበቀ፣ በቀን አንድ ገጽ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አነበበ። እስቲ አስቡት፤ ሰው ሲገባ በር እየከፈተ፣ ሰው ሲወጣ በር እየዘጋ፣ በመሃሉ አንድ ሌላ ቋንቋ በሙሉ ወደ ራሱ አስገባ! ዲፕሎማ የለውም። ከዚህ ፋብሪካ ሌላ ያለ ዲፕሎማ የሚቀጥረው እንደማይኖርም ያውቃል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ግን አንድም ወረቀት «ተሳስቷል» ተብሎ አልተመለሰበትም። ያለው ሀብት ይኼ ነው።

የሚወደው የቃላትን ፍቺ ብቻ አልነበረም፤ የትውልድ ሐረጋቸውን ጭምር ነው። አንድ ቃል ከየት ተነሥቶ፣ በማን አፍ አልፎ፣ ስንት ልጅ ወልዶ እዚህ እንደደረሰ ሲያገኝ ብቻውን መያዝ አይችልም። ወደ ግቢው ወጥቶ በርሜሎች ላይ ተቀምጠው ምሳ የሚበሉትን ጫኝና አውራጆች ይፈልጋል። ሌላው ጆሮ የሚሰጠው የለም።

«አባ ፍቺ፣ ዛሬ ማንን ፈታህ?» ይለዋል ክሬኑ።

ክሬኑ የጫኞቹ አለቃ ነው። ሙሉ የቀለም በርሜል ብቻውን አንከባሎ መኪና አፍ ላይ ስለሚያቆም ነው ክሬኑ የተባለው። አንገቱ ከትከሻው ጋር የተጣበቀ፣ ሳቁ ከመጋዘኑ ቆርቆሮ የሚመለስ ሰው ነው።

«ዛሬስ የእናንተኑ ቃል ነው የፈታሁት» አለ አንድ ቀን አባ ፍቺ፣ ዓይኑ እየበራ። «ዲስቻርጅ።»

«የስልክ ነው እሱ?» አለ አንዱ።

«የስልኩማ የልጅ ልጅ ነው! ስሙኝ። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሮማውያን ጋሪን ካሩስ ይሉት ነበር። ከጋሪው ካር ተወለደ፤ ካርጎ ተወለደ። ጋሪው ላይ ዕቃ መጫን ደግሞ ቻርጅ ሆነ። ስልክህን ቻርጅ ስታደርግ መብራት እየጫንክበት ነው። ፖሊስ ሰው ሲከስም ቻርጅ አደረገው ይላሉ፤ ጥፋቱን አሸከመው ማለት ነው። ከፊቱ ዲስ ስትጨምርበት አራገፍከው። የተጫነ ነገር ሲራገፍ፣ ሲወጣ፣ ሲለቀቅ ሁሉ ዲስቻርጅ ነው።»

«እኛ ታዲያ ቀኑን ሙሉ ዲስቻርጅ ስናደርግ ነው የምንውለው በለኛ!» አለ ክሬኑ።

«አዎ! የቃሉ አባት እናንተ ናችሁ። ከጠመንጃ ጥይት ሲወጣ ዲስቻርጅ ነው። በሽተኛ ድኖ ከሆስፒታል ሲወጣ ዲስቻርጅ ነው። ሠራተኛ ከሥራ ሲባረር፣ ወንዝ ባሕር ሲገባ፣ ቁስል መግል ሲያወጣ…»

«ኧረ በፈጠረህ! እየበላን?» አለ አንዱ ምሳውን ወደ ጎን እየገፋ።

ሳቁ ቆርቆሮውን አናወጠው። አባ ፍቺ በዚያ ቀን ደስታውን የሚያደርግበት አጥቶ ነበር። መግልና ወንዝ፣ ጥይትና የዳነ በሽተኛ፣ ሁሉም ከአንድ ጋሪ ላይ የወረዱ መሆናቸው!

በወሩ ፎርክሊፍት መጣ። ቢጫ፣ ባለ ሁለት ጥርስ ማሽን ነው። የአሥር ሰው ሥራ ይሠራል፤ ምሳ አይበላም፤ አይስቅም። ከዚያው ጋር ከባሕር ማዶ ትእዛዝ መጣና አባ ፍቺ በአንድ ሳምንት ሠላሳ አንድ የስንብት ደብዳቤ በሁለት ቋንቋ አዘጋጀ። ሠላሳ አንድ ጊዜ «ተሰናብተዋል»፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ «ዲስቻርጅ»። እጁ ቃሉን ከመልመዱ የተነሣ ብዕሩ ራሱ ይሮጥ ነበር። በርሜሎቹ ላይ ምሳ የሚበሉት ሰዎች ወደ አራት ወረዱ።

ክሬኑ ከስም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ማሽኑ ከመምጣቱ ከጥቂት ቀን በፊት በርሜል አምልጦት የግራ ቅልጥሙን ስለመታው፣ በሕክምና ላይ ያለን ሠራተኛ ደግሞ ማሰናበት ስለማይቻል፣ ቤቱ ተኝቶ ወደ ሆስፒታል ይመላለስ ነበር። የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው ደብዳቤ ከፋብሪካው ይጻፍለታል። ደንቡ ይኼን ይሰጥና ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ ሐኪም ያሰናበተው ሠራተኛ በሦስት ቀን ውስጥ ሥራው ላይ ካልተገኘ በገዛ ፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል።

ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሐኪሙ ወረቀት መጣ። ሐኪም መቼ ብዙ ይጽፋል? ሦስት መስመር እንግሊዝኛ ነው፦ ግራ እግር። ከሦስት ጀምሮ ዲስቻርጅ። ሰኞ ተመልሶ ይታይ።

«ቶሎ በልልኝ፣ የኔ ጌታ» አለች የአስተዳደር ኃላፊዋ ከደረጃው ራስ ሆና። ድምፅዋ ሁልጊዜ ለስላሳ ነው። ሠላሳ አንዱንም «የኔ ጌታ» እያለች ነው የሸኘቻቸው።

አባ ፍቺ መዝገበ ቃላቱን አልገለጠም። ለምን ይገልጣል? ቃሉን ከልጁ በላይ ያውቀዋል፤ ልጅም የለው። «ከወሩ ሦስተኛ ቀን ጀምሮ ከሕክምና ተሰናብቷል» ብሎ ጻፈ፤ ማኅተሙን መታ፤ ለተላላኪዋ ሰጣት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከብዕር የወጣውስ?

ከዚያ በአራተኛው ቀን የክሬኑ ሚስት ደረጃ ሥር መጥታ ቆመች። በሰው ቤት ልብስ የምታጥብ፣ ጣቶቿ በሳሙና የነጡ፣ ቀጭን ሴት ናት። በእጇ የታጠፈ ደብዳቤ ይዛለች።

«ጋሼ፣ አንባቢው እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ነይ ግቢ፣ እህቴ። ራስሽን እንዳይመታሽ፣ ጎንበስ በዪ።»

አነበበላት። ከወሩ ሦስተኛ ቀን ጀምሮ በሐኪም የተሰናበቱ ሲሆን በሥራ ገበታዎ ላይ ባለመገኘትዎ ሥራዎን በገዛ ፈቃድዎ እንደለቀቁ ተቆጥሮ…

«ማን ነው ያሰናበተው?» አለች። «ጋሼ፣ ባሌ እኮ አልዳነም። ዛሬ ጠዋት ጨርቁን ቀይሬለት ነው የመጣሁት። ከሦስት ጀምሮ መግል እያወጣ ነው፤ ለሐኪሙም ያልኩት ይኼንኑ ነው፤ ሰምቶኝ ነው የጻፈው።»

በላዩ ላይ አንድ ሰው ደረጃውን ወጣ። አባ ፍቺ ማን እንደሆነ አላወቀም። የሐኪሙን ወረቀት ቅጂ ከመሳቢያው አውጥቶ አየው፤ ሦስቱን መስመር። አሁን ገና ያነበበው ያህል ነበር። ቃሉ እዚያው ተቀምጧል፤ አልተለወጠም፤ አልዋሸም። ግራ እግር፤ ከሦስት ጀምሮ መግል።

«ምን ይላል?» አለች።

«አቤቱታ እንጽፋለን» አላት።

ጻፈላትም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያማረ ጽፎ አያውቅም፤ የባሏን የአሥራ አራት ዓመት አገልግሎት፣ ጉልበቱን፣ ትዕግሥቱን፣ የቤተሰቡን ችግር ሁሉ ደረደረ። ስለ አንዷ ቃል ግን ምንም አልጻፈም። እሷ ቁጭ ብላ የብዕሩን አካሄድ በአድናቆት ታይ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ለእኛ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር?» ብላ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። ቦታው ስለጠበበ አልቻለችም።

ስትሄድ ወደ ኃላፊዋ ወጣ። የመጣው ሊናገር ነበር፤ ይኼን አለመካድ ይገባል።

«ስለዚያ ወረቀት ነው… አንዱ ቃል ሌላም ፍቺ አለው።»

ኃላፊዋ ምስማር ከሚመስለው ብዕሯ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። «ተሳስቻለሁ ነው የምትለኝ?»

«አይ… ማለቴ…»

«ቁጭ በል፣ የኔ ጌታ። አንተ ከተሳሳትክ እኮ ችግሩ የአንድ እግር አይደለም። ሠላሳ አንዱም ደብዳቤ በአንተ እጅ ነው የወጣው። ሁሉም ተነሥተው ‹የእኔም ተሳስቶ ነው› ሊሉ ነው። ባለቤቶቹ ተርጓሚያችሁ ማን ነው፣ ምን ተምሯል ሊሉ ነው። ምን ልበላቸው? ዘበኛ ነበር ልበላቸው?» ወረቀቷን ገለበጠች። «ሐሙስ ኮሚቴው ይቀመጣል። የሚጠይቁህን ትመልሳለህ። አሁን ሂድና ሥራህን ሥራ።»

እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ሆስፒታሉ የክሬኑን ካርድ አልቀበልም አለ፤ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው የፋብሪካ ደብዳቤ የለውማ። ሰኞ ተመልሶ ይታይ የተባለው ሰው ሰኞ አልታየም። ማክሰኞ ትኩሳት ያዘው። በትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው፤ በርሜሎቹ፣ ምሳው፣ አባ ፍቺ ዓይኑ እየበራ የተናገረው። ሚስቱን ጠርቶ ነገራት፤ እንዳትረሳውም ሦስት ጊዜ አስደገማት።

የቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ሦስት ሰው ነው፦ ኃላፊዋ፣ የመጋዘኑ ሹምና የሠራተኞች ተወካይ። ጠረጴዛው ረጅም ነው። የክሬኑ ሚስት በአንድ ጫፍ፣ አባ ፍቺ በሌላው ጫፍ ተቀመጡ። አቤቱታው ተነበበ። ሲጨርሱ የመጋዘኑ ሹም «ይኼንን የጻፈው ሰው ገጣሚ ነው» ብሎ ሳቀ።

«አንቺ የምትጨምሪው አለ፣ እህት?» አለ ተወካዩ።

ብድግ አለች። «እኔ አልተማርኩም። ግን ሐኪሙ የጻፈው ቃል መግልም ማለት ነው። ባሌ ነው የነገረኝ። ለባሌ የነገሩት ደግሞ…» ወደ አባ ፍቺ ዞረች። ፊቷ ላይ ክስ አልነበረበትም፤ ያገሩን ሰው በባዕድ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ፊት ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት። ምሳ ሰዓት ላይ። ከጋሪ ነው የመጣው ብለው፣ ጥይቱንም ወንዙንም ብለው፣ ቁስል መግል ሲያወጣ ብለዋቸው። አንዱ ጓደኛቸው እየበላን ነው ብሎ ተቆጣ አሉ። ብለዋል አይደል?»

ኃላፊዋ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ በደግ ዓይን ተመለከተችው።

«ብለሃል?» አለ ተወካዩ።

ሀምሳ ዓመት በዚህች ምድር ላይ ሲኖር እንደዚያ ያለ ዕድል ለአባ ፍቺ ተሰጥቶት አያውቅም። ደረጃ ሥር ተቀምጦ ያጠራቀመው ሁሉ፣ የማንም ጆሮ ያልፈለገው ሁሉ፣ አሁን አንድ ሰው ከነእግሩ ሊያተርፍ ይችላል። አንድ «አዎ» ብቻ ነው የቀረው። እና ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

«ምሳ ሰዓት ላይ ብዙ ነገር ይባላል» አለ። «ጨዋታ ነው። እነሱ እንዲስቁ የምፈጥረው ነገር ነው።»

«ከጋሪ የመጣው?»

«ጨዋታ ነው።»

የመጋዘኑ ሹም ጠረጴዛውን መትቶ ሳቀ። «እኔ እኮ አውቄያለሁ! ዕድሜ ልኩን ሲያታልለን ነው የኖረው ማለት ነው!»

«ሐኪሙን ብንጠይቀውስ?» አለ ተወካዩ፣ ድምፁ እየሰለለ።

«ሐኪሙ የእኛ ሠራተኛ አይደለም» አለች ኃላፊዋ። «የእኛ ተርጓሚ እዚህ ነው።»

የክሬኑ ሚስት ከጉያዋ ላስቲክ አወጣች። ውስጡ የተጠቀለለ ጨርቅ ነበር። «የዛሬ ጠዋቱ ነው። ሌላውን አጥቤዋለሁ፤ ይኼን ግን እንድታዩት ብዬ…» ሽታው ከእሷ ቀድሞ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ።

«ኧረ ክደኚው!» አለ የመጋዘኑ ሹም አፍንጫውን ይዞ።

«የኔ እመቤት» አለች ኃላፊዋ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እኛ የምንመረምረው ወረቀት ነው። ጨርቅ ማስረጃ አይሆንም።»

ላስቲኩን መልሳ ቋጠረች። መስኮት ተከፈተ። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ሌላ ሰው ጉዳይ ተነጋገሩ።

ክሬኑን ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ወስደው ሆስፒታል በር ላይ አስቀመጡት። የድንገተኛ ክፍል ሰዎች ሲያዩት ካርድ አልጠየቁም፤ ጊዜው አልፎ ነበር። ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ውሳኔው በጽሑፍ ሲወጣ የክሬኑ ሚስት ልትቀበል መጣች። ቅጂው ላይ የጣት አሻራ ያስፈልጋል፤ የቀለም ሳጥኑ ያለው ደግሞ ደረጃ ሥር ነው። ጎንበስ ብላ ገባች። አሁን እንዳይመታት የሚነግራት አላስፈለጋትም።

«ምን ይላል?»

«ስንብቱ ጸንቷል ይላል።»

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ ጫነች። አጥብቃ ጫነችው፤ በደንብ እንዲወጣላቸው። ከዚያ ጣቷን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች አቀረቀረች።

«ጋሼ፣ ያን ዕለት በሰው ፊት ስላሳፈርኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ባሌ በትኩሳት ነበር የሚቃዠው። እኔ ደግሞ ያልተማርኩ፣ እውነት መስሎኝ። እንዲያ ሲስቁብዎ ሳይ… እርስዎ ልክ ነበሩ እኮ። ተሰናብቷል ብለው ነበር፤ ይኸው ተሰናበተ።»

አባ ፍቺ አፉን ከፈተ። በላዩ ላይ የኃላፊዋ እርምጃ ወረደ፤ ቀስ ያለ፣ የተደሰተ እርምጃ ነው።

«ምንም አይደል፣ እህቴ» አላት።

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ነርሷ ዛሬ ‹ነገ ዲስቻርጅ እናደርገዋለን› አለችኝ። ደነገጥኩ። ደግሜ እንዳልጠይቃት ፈራሁ፤ ትቆጣለች። የአሁኑ የቱ ነው?»

«መውጣት ነው። ወደ ቤት ይሄዳል ማለት ነው።»

«ቁስሉ አይደለም?»

«አይደለም።»

«መባረርም አይደለም?»

«አይደለም፣ እህቴ። ቤቱ ይገባል።»

አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይጻፉልኝ» አለች። «ነገ ሌላ ነው እንዳይሉኝ።»

ወረቀት ሳበና ጻፈላት። እጁ ሁለት ጊዜ አስቶት ሁለት ጊዜ ሰርዞ ጻፈ።

«ማኅተምም ያድርጉበት።»

አደረገበት።